ጀግናው ባለሰይፉ ብቻ አይደለም



«ያንቀላፋችው ውቢት» ስለተባለው ፊልም በመካከላችን የተነሣው ክርክር የዋዛ አይደለም። አንዳንድ ወጣቶች «ልዑሉ ባይኖር ልጅቱ እንደተኛች በቀረች ነበር፤ ሦስቱ አሮጊቶች ለማሳቅ የገቡ ናቸው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህ አባባል ፍጹም ስሕተት ነው። ስሕተቱም በተረት ላይ ብቻ የሚቀር ስላልሆነ በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ በ1697፣ ጀርመናውያኑ የግሪም ወንድማማቾች ደግሞ በ1812 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ተረት ልጅቱ ያደገችው በወላጆችዋ ዘንድ ነው። ዋልት ዲዝኒ በ1959 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፊልም ግን ሦስት አሳዳጊዎች ጨመረላት። ክፉዋ ማሌፊሰንት፣ ሕፃኒቱ 16 ዓመት በሚሞላት ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ጣትዋን በእንዝርት ተወግታ እንድትሞት ረገመቻት። ሜሪዌዘር ሞቱን ወደ እንቅልፍ ለወጠችው። ከዚያም ፍሎራ፣ ፋውናና ሜሪዌዘር ሕፃኒቱን ይዘው ጫካ ገቡ። የአስማት ዘንጋቸውን ደበቁ፤ ክንፋቸውን ተዉ፤ ገበሬ መስለው በእንጨት ቆራጭ ጎጆ 16 ዓመት ኖሩ።

እስቲ አስቡት! ኃይል የሌለው ሰው ቢታገሥ ወዶ አይደለም፤ ኃይል እያለው ለሰው ልጅ ሲል የተወ ግን በእውነት መሥዋዕት ከፍሏል።

ልዑል ፊሊፕስ? ከእስር ያስፈቱት እነርሱ ናቸው። ጋሻና ሰይፍ ያስታጠቁት እነርሱ ናቸው። የተወረወረበትን ፍላጻ አበባ፣ ናዳውን አረፋ፣ የፈላውን ዘይት ቀስተ ደመና ያደረጉለት እነርሱ ናቸው። ዘንዶዋን የገደለው ሰይፍ እንኳ ከእጁ ሳይወጣ የፍሎራ ቃል አርፎበታል። ታዲያ ድሉ የማን ነው?

ይሁን እንጂ አሳዳጊዎቹን እንደ ታቦት እንሸከማቸው ማለቴ አይደለም። ሁለት ከባድ ጥፋት አጥፍተዋል። አንደኛ፣ በመጨረሻው ቀን ኬኩና ቀሚሱ አልሆን ቢላቸው ዘንጋቸውን አወጡ፤ ቀሚሱ ሮዝ ይሁን ሰማያዊ እያሉ ሲጣሉ አስማቱ በጭስ መውጫው ሽቅብ ወጣ፤ የማሌፊሰንትም ቁራ አየ። የ16 ዓመት ምሥጢር በቀለም ጠብ ተጋለጠ። በቀለም መጣላት ምን እንደሚያስከፍል ለዚህ ሰፈር ሰው ማስረዳት አያሻኝም።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ስምዋን ለውጠው አሳደጉዋት እንጂ የማን ልጅ እንደሆነች አልነገሩዋትም። የነገሩዋት በዚያችው በአደጋዋ ቀን፣ ገና ልብዋ ሰው በወደደበት ሰዓት ነው። እያለቀሰች ወደማታውቀው ቤተ መንግሥት ወሰዱዋት፤ ለጥቂት ጊዜ ብቻዋን ተዉዋት፤ ጠላትም ያገኘቻት ያን ጊዜ ነው። እንዝርት ለምን እንደሚፈራ ቀድማ ብታውቅ ኖሮ ምናልባት እጅዋን በሰበሰበች ነበር።

«ሕፃንን በሐዘን ማስጨነቅ አይገባም» የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። አሳባቸው ከፍቅር የመነጨ ነው። እኔ ግን መምህር ነኝ፤ ልጅን የሚሰብረው እውነቱ ሳይሆን፣ ዓመታት ተደብቆ በአንድ ቀን ሲወርድበት ነው። እንደ ዕድሜው፣ በጥቂት በጥቂቱ ቢነገረው ይሸከመዋል።

በዚህ ሰፈር የእኅትዋን፣ የጎረቤትዋን፣ አልፎም በመንገድ ያገኘችውን ልጅ ከራሽንዋ ቀንሳ የምታሳድግ ስንት እናት አለች! ማታ ማታ ስለ ጦር ሜዳ ሲወራ ግን ስምዋን የሚያነሣ የለም። ይህ ነውራችን ነው።

እናንተንም እናቶቼ ሆይ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ ለልጁ የወላጆቹንና የትውልድ ቦታውን ስም ንገሩት። ከባዳ አፍ አይስማው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ሲጠራም ልጁ በጉያችሁ እያለ ይሁን።

የሚቃወመኝ ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ ገጹ ክፍት ነው።