ስፔሰር ለምትገጥሙ የሙያ ወንድሞቼ

በዚህ ሙያ አብራችሁኝ የሸበታችሁ ወንድሞቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ከዚያ በፊት ግን የራሴን ጥፋት ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ቢኤምደብሊው ኢ90 ይዞ መጣ። ጎማው ከፓራፋንጎው እኩል ወጥቶ እንዲታይለት ከኋላ በየጎኑ 15 ሚሊ ሜትር ስፔሰር አሰርኩለት። ረጅም ብሎን ይዞ ነበር፣ ልኩም ትክክል ነው። ሞዞውን ግን በሽቦ ብሩሽ አልፈገፈግኩትም። ማጥበቁንም እጄን ተማምኜ ጨረስኩ፤ ይህን ያህል ዘመን የሠራ እጅ አይስትም ብዬ። በአምስተኛው ቀን ከአዳማ ሲመለስ ደወለልኝ፦ «ጋሼ፣ ከኋላ እየተንኳኳ ነው።» ካለበት እንዳይንቀሳቀስ ነግሬው ሄድኩ። ከአምስቱ ብሎኖች ሁለቱ በጣት የሚዞሩ ነበሩ፤ አንዱ አንገቱ ላይ ተቆርጧል። የቸርኬው ቀዳዳዎች ክብነታቸው ጠፍቶ ሞላላ ሆነዋል፤ ዙሪያቸውን በርበሬ የመሰለ የዝገት ዱቄት ይዟቸዋል። ከኋላ ወንበር እናቱ ተቀምጠው ነበር።

ጎማን የሚይዘው የብሎኑ ጥንካሬ ብቻ ይመስለናል። እውነቱ ግን ብሎኑ ቸርኬውን ከሞዞው ጋር አጥብቆ ሲጫነው በሁለቱ ፊት መካከል የሚፈጠረው ፍትጊያ ነው የሚይዘው። በመካከሉ የቀረ የዝገት ቅርፊት መኪናው ሲሮጥ ይደቅቃል፤ በዚያው ልክ ጥብቀቱ ይረግባል። ከዚያ በኋላ ጭነቱ በጎን በኩል ብሎኑን መቁረጥ ይጀምራል ማለት ነው። ስፔሰር ሲገባ የሚገጣጠመው ፊት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ሁሉም ፊት ነጭ ብረት እስኪሆን ይጠረግ፣ ግራሶም ቀለምም አይነካው። ኢ90ን በቶርክ ሬንች 120 ኒውተን ሜትር አስሩ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ተመልሶ መጥቶ ይፈተሽ። እኔ አሁን ይህን ሳይቀበል የሚሄድ ደንበኛ አላስተናግድም።

ከሞዞው መሃል ወጣ ብሎ ቸርኬውን የሚያማክለውን ክብ ከንፈርም አትርሱ። በኢ90 ዲያሜትሩ 72.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የራሱ ከንፈር የሌለው ስፔሰር ይህን ውጦ ያስቀረዋል፤ መሪ የሚያንቀጠቅጠውን መኪና ከዚያ በኋላ በባላንስ ልናስተካክል ስንደክም እንውላለን። ሁለት ስፔሰር መደራረብን እንዲያውም አላነሳውም፤ ማድረግ የለባችሁም።

አዳፕተር ከዚህ ይብሳል። ከ5 በ120 ወደ 5 በ112 ለመቀየር አዳፕተሩ ለብቻው ከሞዞው ይታሰራል፤ ቸርኬው ደግሞ ከአዳፕተሩ ላይ። የመጀመሪያዎቹ ብሎኖች ከቸርኬው ጀርባ ተሸፍነው ይቀራሉ። ቢላሉ ማንም አያያቸውም፤ ለመፈተሽ ጎማ መፍታት ግድ ነው፤ እኛም አንፈታም። ጎማው ወደ ውጭ በራቀ ቁጥር ኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጭነትም ይከብዳል፤ ይህን ለባለቤቱ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ቶርኖ ቤት ካሉ ወዳጆቼ ጋር ያጣላኝ ሌላ ጉዳይ አለ። ከቆሻሻ አሉሚኒየም ቀልጦ የተቀረጸ ስፔሰር አይቻለሁ። ውጪው ተላግቶ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ግን የአየር ቀዳዳና ስንጥቅ ሊይዝ ይችላል፤ በዓይን አይለይም። ጀርመን አገር እንዲህ ያለ ክፍል ያለ ምርመራ ወረቀት መንገድ ላይ አይወጣም። እኛ ዘንድ የሚከለክለው ሰው እኔና እናንተ ብቻ ነን።

ነገ ጠዋት አንድ ልጅ ስፔሰር ይዞ ይመጣባችኋል። ብሎኑን በመፍቻ ከመንካታችሁ በፊት በጣታችሁ እያዞራችሁ ቁጠሩ። 12 በ1.5 ብሎን ከሆነ ቢያንስ 6 ዙር ተኩል መያዝ አለበት። ያ ካልሞላ መኪናውን አትልቀቁ። ባለቤቱ ቢቆጣ ይቆጣ።