ለመሸጥ የማይቸኩል ማን ነው?

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ከመካነ ሰላም እስከ አቀስታና ከዚያም ወዲህ ባለው አገር፣ የእርሻ መሬቱን ለሌላ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ደሃው ነው። ተቀብሎ የሚያርሰው ደህና ኑሮ ያለው ጎረቤት ነው። ባሏ የሞተባት ሴት፣ ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌ፣ በሬው የሞተበት ጎልማሳ ማሳቸውን ለእኩል ይሰጣሉ። አራሹ ጥንድ በሬ ያለው፣ የደረሱ ልጆች ያሉት፣ ለዘር የማያንስ ሰው ነው። አውድማ ላይ እህሉ ለሁለት ይካፈላል፤ ገለባው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከብት ያለው ቤት ይገባል። «መሬት ላራሹ» ብሎ ለጮኸው ትውልድ ይህ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው፤ ባለመሬቷ ተበዳሪ፣ አራሹ አበዳሪ ሆነው ይገኛሉና።

ስለ ኑሮ ደረጃና ስለ ማኅበራዊ ልዩነት የተጻፈ ጥናት በምናነብበት ጊዜ ይህን ልብ ማለት አለብን። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ፤ የአንድን ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ መሸጥንም ማከራየትንም ከለከለ። ተከታትለው የመጡት ድልድሎች ይዞታን ይበልጥ አቀራረቡ። የመንግሥት አሐዝም ተመሳሳይ ነገር ይነግረናል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የቤተሰብ ፍጆታ ጥናት ከድህነት ወለል በታች የተገኘው ሕዝብ 23.5 በመቶ ሲሆን፣ ጂኒ የሚባለው የልዩነት መለኪያ በገጠር 0.28፣ በከተማ 0.38 ነበር። ዜሮ ፍጹም እኩልነት ነው፤ አንድ ደግሞ ሁሉም ነገር በአንድ ሰው እጅ መግባቱ ነው። እንግዲህ ገጠራችን ደሃ ይሁን እንጂ ሰዉ እርስ በርሱ እኩል ነው ማለት ነው?

እኔ አይመስለኝም። በዚህ ደጋ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚለየው የጥማድ ብዛት ወይም የዓመቱ ፍጆታ ድምር ከሚያሳየው በላይ፣ ሥራውን በሚፈልገው ቀን መሥራት የሚችለውና በሌላ ሰው ቀን የሚሠራው መለያየታቸው ነው። ልዩነቱ ያለው በጊዜ ላይ ባለ ሥልጣን ነው፤ የዳሰሳ ጥናት መጠይቆች ደግሞ ስለ ጊዜ እምብዛም አይጠይቁም።

ከእርሻው እንጀምር። ዝናቡ እንደ ጣለ ባለ ጥንዱ ወዲያው ይወጣል። ባለ አንድ በሬው ከብጤው ጋር ተቀናጅቶ ተራ ይይዛል። በሬ የሌለው ለሰው በጉልበቱ ሠርቶ በሬ ይዋሳል፤ ስለዚህ የራሱ ማሳ የሚታረሰው የባለ በሬው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ጤፍ ደጋግሞ መታረስ ይወዳል፤ ገብስም ዘግይቶ ከተዘራ ውርጭ ይጠብቀዋል። ሦስቱ ሰዎች ስፋቱም አፈሩም አንድ ዓይነት መሬት ቢኖራቸው እንኳ ኅዳር ላይ አውድማቸው አንድ አይሆንም። ሴት አባወራ ስትሆን ደግሞ ነገሩ ይከፋል። በባህላችን ሴት እርፍ አትጨብጥም፤ በሬ ቢኖራትም አራሽ ወንድ መፈለግ አለባት፤ የሚገኘውም የራሱን ሥራ ሲጨርስ ነው።

ገበያ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ማሳ ላይ ተራ ሲጠብቅ የከረመው ሰው እዚህ የሚቸኩለው ነው። ግብርም ብድርም የሚከፈለው ምርት እንደ ገባ ነው፤ ያን ጊዜ እህል ርካሽ ነው። ክረምት ሲገባ፣ ጎተራው ሲራቆት፣ የሸጠውን እህል በውድ መልሶ ይሸምታል። ደህና ጎረቤቱ ግን እህሉን ያሳድራል። ሁለቱ በዓመት ውስጥ የበሉት ቢደመር ልዩነቱ ያን ያህል ላይሆን ይችላል። ጂኒ የሚያየውም ያን ድምር ነው።

ክፉ ዘመን ሲመጣ ይህ ጎልቶ ይወጣል። ደሳለኝ ራህመቶ በአምባሰል የ1977ቱን ረሃብ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ድረስ የሚተካከለው ያለ አይመስለኝም። ገበሬው ረሃብን ተደናግጦ ሳይሆን በሥርዓት እንደሚገጥመው አሳየ፦ አስቀድሞ ከገበታው ይቀንሳል፣ ትናንሽ ከብቶችን ይሸጣል፣ ከዘመድ ይጠጋል፤ የእርሻ በሬውን እስከ መጨረሻው ይዞ ይቆያል። ችግሩ ሁሉም በአንድ ወቅት ለመሸጥ ሲወጣ የከብት ዋጋ መውደቁ፣ የእህል ዋጋ መናሩ ነው። ያን ቀን በሬ የሚገዛ ሰው አለ። ስለ ረሃብ ስንናገር ስለ ሻጩ ብቻ እናወራለን፤ ስለ ገዥው ዝም እንላለን።

ለጉዳያችን በቦታም የሚቀርበው እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2003 በደቡብ ወሎ የተካሄደው ጥናት ነው። ፒተር ሊትል፣ ወርቅነህ ነጋቱና ባልደረቦቻቸው ከ400 በላይ ቤተሰቦችን ደጋግመው ጎበኙ፤ ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ለጋምቦም ከጥናቱ ወረዳዎች አንዱ ነበር። ውጤቱ አስገራሚ ነው። በመካከሉ የ1991 እና 1992 ዓ.ም. ከባድ ድርቅ ቢያልፍም የደሃው ቁጥር ብዙም አልተለወጠም፤ የመጨረሻዎቹ ደሃዎች ትንሽ እንኳ አገግመው ነበር፤ ግን ከድህነት ለመውጣት አልበቃቸውም። ስለዚህ ጽሑፋቸውን ባሉበት መራመድ በሚል ሐሳብ ሰየሙት። ከዚሁ መረጃ የወጣ ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ደሃዎቹ የቀሯቸውን ጥቂት ከብቶች ላለመሸጥ ሆዳቸውን እንደሚጎዱ አሳይቷል። ሀብታም ከብት ሸጦ ገበታውን ያድናል፤ ደሃ ገበታውን አጉድሎ ከብቱን ያድናል። የዚያ ቤት ልጅ ግን የጎደለበትን ምግብ በሚመጣው ዓመት አያካክሰውም።

በዚያው ዘመን ስቴፈን ዴቬሮ፣ ኬይ ሻርፕና ያሬድ አማረ በሰሜን ወሎ፣ በደቡብ ወሎና በዋግ ኽምራ ወደ 2,000 የሚሆኑ ቤተሰቦችን ጠየቁ። ከአሥር ዓመት በፊት ያጣን የነጣን ነበርን የሚሉት 5.5 በመቶ ሲሆኑ፣ በጥናቱ ጊዜ 14.6 በመቶ ደርሰው ነበር። በአገር ደረጃ ድህነት ቀነሰ በሚባልበት ወቅት መሆኑ ክርክር አስነሣ። ሰው ያለፈውን ያሳምራል የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም፤ ተገቢም ነው። ሆኖም መጠይቁ የጠየቀው ምን በላህ ብሎ ብቻ ሳይሆን ራስህን መቻል ትችላለህ ወይ ብሎም ነው፤ እኔ ለዚህኛው ጥያቄ አደላለሁ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ሌላ ተቃውሞ ነው። ይህ ልዩነት የዕድሜ ነው፤ አዲስ ጎጆ የወጣ ባልና ሚስት በሬ የላቸውም፣ ልጅ ሲደርስ ይበለጽጋሉ፣ ሲያረጁ መሬታቸውን ለእኩል ይሰጣሉ፤ ሁሉም በየተራው ያልፍበታል ይባላል። ተፈሪ አባተ በደቡብ ምዕራብ ወሎ ከ1974 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. የነበረውን የቤተሰብ ሁኔታ ሲያጠና መሬትን፣ ሀብትንና ጉልበትን ነጣጥሎ ማየቱ ለዚህ ክርክር መሠረት ይሰጣል፤ ሦስቱ በአንድ ቤት አብረው የሚገኙበት ጊዜ አጭር ነውና። ክርክሩ ለአባቶች ዘመን ይሠራ ነበር እላለሁ። በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ ድልድል በ1989 ዓ.ም. ተደርጎ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ ተራው የሚጀምረው አባቱ ሲያካፍለው ወይም ሲሞት ነው። ዑደቱ መግቢያ በሩ ተዘግቶበታል።

የሴፍቲኔት መርሐ ግብር በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ልዩነቱ በጊዜ ላይ ባለ ሥልጣን መሆኑን ሳይናገር አምኖ ነበር። ለስድስት ወር ያህል በሕዝብ ሥራ ለተሳተፈ ቤተሰብ ገንዘብ ወይም እህል ሲሰጥ፣ ዓላማው ከማብላት አልፎ ሰው በክፉ ወር በሬውን እንዳይሸጥ ማድረግ ነው። እንግዲህ የክፍያው ዋጋ በመጠኑ ብቻ አይለካም። ዘግይቶ የመጣ ሙሉ ክፍያ በጊዜው ከመጣ ግማሽ ክፍያ ሊያንስ ይችላል፤ በሬው ተሸጦ አልቋልና። ሪፖርት የሚጻፈው ግን ስንት ሰው ስንት እንደ ተቀበለ ነው።

ዛሬ መካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አላት፤ ደጋው የማኅበረሰብ ተመራማሪ በደጁ ያገኘ ማለት ነው። ከዚያ የሚነሣ ወጣት ተመራማሪ ከባሕር ማዶ የመጣ መጠይቅ ተርጉሞ የቆርቆሮ ክዳንና የሬዲዮ ብዛት ቢቆጥር ያሳዝነኛል። ማሳህ በስንተኛው ሳምንት ታረሰ? በማን በሬ? እህል የሸጥከው በየትኛው ወር ነው፣ የሸመትከውስ? የሚሉት ጥያቄዎች ረጅም ሥልጠና አይሹም፤ የሚሹት ወደ አንድ ቤት በዓመት ሦስት አራት ጊዜ መመለስ ነው። ከተመላለሰ አንዳንዱን በር ተዘግቶ ያገኘዋል፦ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ የሄደ፣ ወደ ዐረብ አገር የተሻገረች፣ አዲስ አበባ ቀን ሥራ የገባ። ዳሰሳዎች እንዲህ ያለውን ቤት «ያልተገኘ» ብለው ከመዝገብ ያወጡታል። ምን ሸጦ፣ በየትኛው ወር፣ ለማን ሸጦ እንደ ሄደ ግን የቅሬው (የእድሩ) ዳኛ ያውቃል፤ እሱን መጠየቅ ይቻላል።