ለቻትቦት የሚጻፈው መመሪያ፦ ድርጅቶች ይመርጡታል፣ መዘዙ ለደንበኞች ይተርፋል

በአውሮፓውያኑ ኖቬምበር 2022 አንድ ካናዳዊ ሴት አያቱ ባረፉበት ዕለት የኤር ካናዳን ድረ ገጽ ከፈተ። በገጹ ላይ የነበረው ቻትቦት፣ ለኀዘንተኞች የሚደረገውን የዋጋ ቅናሽ ትኬቱ በተቆረጠ በ90 ቀናት ውስጥ መጠየቅ እንደሚቻል ነገረው። ሰውየው ይህንን አምኖ በሙሉ ዋጋ ተጓዘ። የአየር መንገዱ ደንብ ግን ከጉዞ በኋላ የሚቀርብን የቅናሽ ጥያቄ አይቀበልም ነበር። ጉዳዩ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት ለአነስተኛ የፍትሐ ብሔር ክርክሮች በተቋቋመ ችሎት ታየ። አየር መንገዱ ቻትቦቱ ለሰጠው መረጃ ተጠያቂ ልሆን አይገባኝም ሲል ተከራከረ። ችሎቱ ግን በፌብሩዋሪ 2024 ክርክሩን ውድቅ አድርጎ፣ ወለድንና የክርክር ወጪን ጨምሮ 812 የካናዳ ዶላር ገደማ እንዲከፍል ወሰነበት። ደንበኛውን ከረዱት ማስረጃዎች አንዱ ከቻትቦቱ ጋር ያደረገውን ምልልስ በምስል ማስቀረቱ ነበር።

ገንዘቡ ጥቂት ነው። ውሳኔው ግን የደንበኞች አገልግሎታቸውን ለማሽን ለሚያስረክቡ ድርጅቶች ሁሉ የሚተርፍ ነው፤ የምሥራቅ አፍሪካ ድርጅቶችም ከእነዚሁ መካከል ናቸው። የኬንያው ሳፋሪኮም ዙሪ የተባለ ቻትቦት ካሰማራ ዓመታት ተቆጥረዋል። በኢትዮጵያም ቴሌብር በ2021፣ ኤምፔሳ ደግሞ በ2023 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ሚሊዮኖች ገንዘባቸውን በስልክ ያንቀሳቅሳሉ። ገንዘቡን በተሳሳተ ቁጥር የላከ ሰው የሚያገኘው የመጀመሪያ ምላሽ ከሰው ይሁን ከማሽን፣ ትክክል ይሁን ግምት፣ ከእንግዲህ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው።

የማይታየው ጽሑፍ

አብዛኞቹ ድርጅቶች የቋንቋ ሞዴሉን ራሳቸው አይሠሩትም፤ ከውጭ ኩባንያዎች ይከራዩታል። የራሳቸው የሆነው ፕሮምፕት የሚባለው የጽሑፍ መመሪያ ነው። ማሽኑ ማንን ወክሎ እንደሚናገር፣ ምን እንዲመልስ እንደተፈቀደለትና የት ላይ ማቆም እንዳለበት በተራ ቋንቋ ይጻፍለታል። ደንበኛው ይህንን ጽሑፍ አያየውም፤ ማሽኑ ግን መልስ በሰጠ ቁጥር ከጥያቄው ጋር አብሮ ያነበዋል።

ይህንን መመሪያ የማዘጋጃ ዘዴዎች ብዙ ናቸው። ቀላሉ ትዕዛዝን ብቻ መጻፍ ነው። ሁለተኛው፣ የኦፕንኤአይ ተመራማሪዎች በ2020 ጂፒቲ-3ን ባስተዋወቁበት ጥናት ጎልቶ የወጣው፣ ጥቂት የጥያቄና መልስ ምሳሌዎችን አብሮ ማቅረብ ነው። ለደንበኞች አገልግሎት ይህ ዘዴ እጅግ ይስማማል፤ ትህትናን በቃላት ከማብራራት ይልቅ ትሁት መልስን ማሳየት ይቀላልና። ነገር ግን የራሱ ወጥመድ አለው። በቀጣዩ ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት፣ ሞዴሎች በምሳሌዎቹ ውስጥ ወደተደጋገመው ወይም በመጨረሻ ወደተቀመጠው መልስ እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። ምሳሌዎቹ ሁሉ “ገንዘብዎ ይመለሳል” በሚል የሚያበቁ ከሆነ፣ ገንዘቡ የማይመለስለት ደንበኛም ይኸው ተስፋ ሊሰጠው ይችላል።

በስፋት የሚወደሰው ሦስተኛው ዘዴ ማሽኑ ደረጃ በደረጃ እንዲያስብ ማዘዝ ሲሆን፣ የጉግል ተመራማሪዎች በ2022 ያስተዋወቁት ነው። ለሒሳብና ለአመክንዮ ጥያቄዎች ውጤቱ ግልጽ ነው። የአገልግሎት ክፍያን ለማስላትም ሊጠቅም ይችላል። በደንበኞች አገልግሎት ውስጥ ግን ውዳሴው ከጥቅሙ የበለጠ ይመስላል። ደንቡን የማያውቅ ማሽን ደረጃ በደረጃ ቢያስብም፣ የሚያገኘው በሥርዓት የተደረደረ ስህተት ነው፤ እንዲህ ያለው ስህተት ደግሞ ከተዝረከረከው ይልቅ ይታመናል።

ለዚህ ሥራ ዋናው ዘዴ ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ነው። ማሽኑ ከትዝታው እንዳይመልስ፣ ከጥያቄው ጋር የሚዛመደው የደንብ ክፍል በየጊዜው ከሰነድ ማኅደር ወጥቶ ይቀርብለታል፤ መልሱንም ከዚያው ብቻ እንዲወስድ ይታዘዛል። ይህም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። በካናዳው ጉዳይ ትክክለኛው ደንብ እዚያው ድረ ገጽ ላይ ነበር፤ ቻትቦቱ ራሱ ወደ ገጹ የሚወስድ ማስፈንጠሪያ ሰጥቶ ነበር። ቻትቦቱ በምን ቴክኖሎጂ እንደተሠራ አየር መንገዱ ለችሎቱ ባያስረዳም፣ ስህተቱ የሚያሳየው ነገር አለ፦ ሰነዱ መኖሩና መልሱ ከሰነዱ ጋር መስማማቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ በመመሪያው ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ዓረፍተ ነገር መልሱ በሰነዱ ውስጥ ካልተገኘ ማሽኑ አላውቅም ብሎ ደንበኛውን ወደ ሰው እንዲያስተላልፍ የሚያዘው ነው። ብዙ ድርጅቶች ይህንን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ያመነታሉ፤ ማሽኑን ያስገቡት ወደ ሰው የሚሄደውን ጥሪ ለመቀነስ ነውና።

አማርኛ ሲሆን

የመመሪያ አሰጣጥ መጻሕፍትና ሥልጠናዎች በአብዛኛው የተዘጋጁት ለእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ ደንበኛን ለመጥራት አንድ ቃል ይበቃል። የአማርኛ መልስ ግን ገና ከመነሻው አንተ፣ አንቺ ወይም እርስዎ ማለትን መምረጥ አለበት፤ መመሪያው “በአክብሮት መልስ” ስላለ ብቻ ማሽኑ እስከ መጨረሻው በእርስዎ ይጸናል ማለት አይደለም። በአንድ ምልልስ ውስጥ አንቱታን ጀምሮ ወደ አንተ የሚወርድ መልስ፣ በዕድሜ የገፉ ደንበኛን ከስህተት ባላነሰ ያስቀይማል። የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስዶ ደንበኛዋን በአባቷ ስም መጥራትም የዚሁ ዘር ነው።

የሰዓት ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። በአማርኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚባለው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 9 ሰዓት ነው፤ በስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ዘንድ አቆጣጠሩ ተመሳሳይ ነው። ለበረራ ወይም ለብድር ክፍያ ቀነ ገደብ ይህ ልዩነት ዋጋ ያስከፍላል። የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ሲጨመርበት ደግሞ ልዩነቱ ከሰዓት አልፎ ዓመት ይሆናል። ይህንን ሁሉ በትዕዛዝ ዘርዝሮ ከመጻፍ ይልቅ፣ እውነተኛ የደንበኞች አጻጻፍ የታየባቸው ምሳሌዎችን ማቅረብ የተሻለ መንገድ ነው፦ ሀ እና ሐ የተቀያየሩበት፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ያለበት፣ እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት።

ምሳሌ ማብዛት ግን ወጪ አለው። ሞዴሎቹ ጽሑፍን የሚቆጥሩትም የሚያስከፍሉትም ቶክን በሚባሉ ቁርጥራጮች ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ሲቀመጥ 3 ባይት ይይዛል፤ አንድ የላቲን ፊደል ደግሞ 1። በዚህ ላይ የቁርጥራጮቹ አመራረጥ በአብዛኛው ለእንግሊዝኛ ያደላ በመሆኑ፣ ተመሳሳይ ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ በርካታ እጥፍ ቶክን ሊፈጅ ይችላል። አንዳንዶች ወጪውን ለመሸሽ ጥያቄውን ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉመው መልሱን ወደ አማርኛ ይመልሳሉ፤ አንቱታውም ሰዓቱም የሚጠፋው በዚህ መንገድ ላይ ነው። ሌላው አማራጭ ትዕዛዙን በእንግሊዝኛ ጽፎ ምሳሌዎቹንና የደንቡን ጽሑፍ በአማርኛ መተው ነው። ወጪው ከትርጉሙ መንገድ ቢበልጥም፣ ደንበኛው የሚያነበው ቃል ከራሱ ቋንቋ የተነሣ ይሆናል።

ስሙ አንድ፣ ደንቡ ልዩ ልዩ

በቀጣናው የተለየ አደጋም አለ። ኤምፔሳ በኬንያ ከ2007 ጀምሮ ያለ በመሆኑ፣ ስለ እርሱ በኢንተርኔት የተጻፈው በአብዛኛው ስለ ኬንያ ነው። በኬንያ ገንዘብ በስህተት የላከ ደንበኛ የማረጋገጫ መልዕክቱን ወደ 456 ይልካል። ከትዝታው የሚመልስ ማሽን ይህንኑ ቁጥር በታንዛኒያ ወይም በኢትዮጵያ ላለ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል፤ ገንዘቡ የተላከለት ሰው ወጪ ሊያደርገው በሚችልበት ሰዓት ደንበኛው በማይሠራ ቁጥር ይደክማል። እዚህ ላይ የሰነድ ማቅረቡ ዘዴ ቅንጦት አይደለም፤ ሰነዱም የየትኛው አገር እንደሆነ መታወቅ አለበት።

ያም ሆኖ መመሪያ ቁልፍ አይደለም። በ2023 መገባደጃ በካሊፎርኒያ ዋትሰንቪል የሚገኝ የሸቭሮሌት መኪና ሻጭ ቻትቦት፣ በአንድ ጎብኚ ተንኮል ተመርቶ መኪና በ1 ዶላር ለመሸጥ “ተስማማ”። በጃንዋሪ 2024 ደግሞ የዕቃ አድራሹ ዲፒዲ ቻትቦት በብሪታንያ ለደንበኛ ተሳድቦ ድርጅቱን የሚነቅፍ ግጥም ጻፈ። መመሪያውና የደንበኛው ጽሑፍ ለማሽኑ የሚደርሱት በአንድ ዓይነት ቋንቋ በመሆኑ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሊሽረው ይችላል። “ገንዘብ አትመልስ” ብሎ መጻፍና ማሽኑ ገንዘብ የመመለስ ሥልጣን እንዳይኖረው ማድረግ ለየቅል ናቸው። ለሞባይል ገንዘብ ሁለተኛው ግድ ነው።

የሰው ሠራተኞችን ቁጥር በተመለከተ የስዊድኑ ክላርና ታሪክ ይጠቀሳል። ኩባንያው በ2024 መጀመሪያ ማሽኑ የ700 ሠራተኞችን ሥራ እንደሚሠራ አስታወቀ፤ በ2025 ደግሞ ሥራ አስፈጻሚው የአገልግሎቱ ጥራት መጓደሉን ጠቅሰው ሰዎችን ዳግም መቅጠር እንደሚጀምሩ ተናገሩ።

ሕጉ ዝግ ብሎ እየተከተለ ነው። የኬንያ የ2019 የመረጃ ጥበቃ ሕግ፣ በሰዎች ላይ ጉልህ ውጤት ያለው ውሳኔ በማሽን ብቻ እንዳይሰጥ ይገድባል፤ ኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን በ2024 አጽድቃለች። ሆኖም ብዙ ደንበኞች የሚደርስባቸው ጉዳት ከመደበኛ ውሳኔ ሳይሆን ከአንድ የተሳሳተ መልስ የሚመነጭ ነው። በጽሑፍ የተሰጠ መልስ ቢያንስ በስልኩ ላይ ይቀራል። ድርጅቶች ማንበብ ለማይችሉ ደንበኞች የሚያዘጋጁት የድምፅ ቻትቦት ሲመጣ ግን፣ የተባለው ነገር ቅጂ የሚኖረው ድርጅቱ ዘንድ ብቻ ይሆናል።