የኮንሶ እርከን

መሬት ሲከፋ ሰው ይሰንፋል የሚሉ ሰዎች የኮንሶን አገር አላስተዋሉም። አገሩ ድንጋያማና ተዳፋት ነው፤ ዝናሙም ጥቂት ሆኖ ሳለ፥ በመጣ ጊዜ በኃይል ይወርዳልና አፈሩን ጠርጎ ለመውሰድ ይችላል። ሰዎቹ ግን ለእርሻ እንቅፋት የሆነውን ያንኑ ድንጋይ ለቅመው በተራራው ወገብ ላይ እርከን ካቡ፤ አንዳንዱ ካብ እስከ 5 ሜትር ይቆማል። ካቡም አፈሩን ይይዛል፥ ውሃውን ለማሽላው ያቆይለታል፥ የተረፈውንም ቀስ አድርጎ ያሳልፋል። በእርሻው መካከል ሽፈራው ይተከላል፤ ቅጠሉም ተቀቅሎ ይበላል።

በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ ይህን አገር በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፈው። ክብሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን መዝገብ ካብ አይጠግንም። ጎርፍ አንድ ካብ ባፈረሰ ጊዜ ባለእርሻው ፈጥኖ ካልመለሰው፥ ከበታቹ ያለውም እርከን በተራው ይናዳል።