ሰፊ ስለት ለደካማ ደጋን አይገባም

የሰፈራችን የሁርሊንግሃም ስመ ሞክሼ በለንደን ከተማ ይገኛል። ሁርሊንግሃም ክለብ እ.ኤ.አ. በ1869 ሲመሠረት ዓላማው ርግብ መተኮስ ነበረ፤ ርግብ እስከ ዛሬም በክለቡ ዓርማ ላይ ትታያለች። በርግብ ተኩስ ደንብ መሠረት ወፏ ተመትታ ከአጥሩ ውጭ ከወደቀች ለተኳሹ አትቆጠርለትም ነበር። ደንቡ ለውድድር የወጣ ነውና አይፈረድበትም። ነገር ግን «ተመትቶ ያልተገኘ እንስሳ ከሒሳብ ውጭ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ከርግብ ተኩስ ጋር አብሮ አልሞተም። በቅርቡ በእኛው ሰፈር፣ በረከቦት ዙሪያ፣ በገዛ ቋንቋችን ሲነገር ሰማሁት። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እርሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ወዳጄ ባለ 40 ፓውንድ ደጋን አለው። ይህ ማለት አውታሩን እስከ ጉንጩ ለመሳብ የሚጠየቀው ኃይል 18 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ዕቃ ከማንሳት ጋር ይመሳሰላል ማለት ነው። ትከሻው ከዚያ በላይ አይፈቅድለትም፤ ይህም ነውር አይደለም። በኬንያ አደን እ.ኤ.አ. በ1977 ተከልክሏል፤ የ2013ቱ የዱር እንስሳት ሕግም ለስፖርትም ሆነ ለምግብ የሚደረገውን አደን ወንጀል አድርጎታል። ስለዚህ ወዳጄ እዚህ በዒላማ ላይ ብቻ ሲለማመድ ቆይቶ፣ አምና በሕጋዊ ፈቃድ ለማደን ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጓዘ። ከመሄዱ በፊት ግን የአንድ የፍላጻ ጫፍ ሻጭ የምርት መግለጫ አምጥቶ «እስቲ በአማርኛ አድርግልኝ» አለኝ። አደረግሁለት።

ከዚያስ? አንድ ኢምፓላ መታ። ፍላጻው ከጎድኑ ላይ ተሰክቶ ቀረ እንጂ አልዘለቀም። እንስሳው ፍላጻውን እንደ ተሸከመ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ወዳጄና መሪው እስከ ምሽት ዱካ ተከተሉ፤ ጥቂት የደም ጠብታ አዩ፤ ከዚያ በኋላ ደሙም ዱካውም ጠፋ። በዚያ አገር ልማድ የቆሰለ እንስሳ እንደ ተገደለ ተቆጥሮ ስለሚከፈልበት ዋጋውን ከፍሎ ተመለሰ። ቡናችንን እየጠጣን ታሪኩን ሲነግረን «ዕድል አልቀናኝም» አለ። የተቀመጡትም ሁሉ «ዕድል ነው፤ ምን ይደረጋል» ብለው አጽናኑት።

እኔ ግን ዕድል አይደለም እላለሁ። ሒሳብ ነው። ሒሳቡም ደጋኑ ሳይወጠር በፊት፣ የፍላጻው ጫፍ ሲገዛ የተበላሸ ነው። ከጥፋቱም ለእኔ የሚደርሰኝ ድርሻ አለ፤ ያን መግለጫ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ የተረጎምሁት እኔ ነኝና።

ከስሙ እንጀምር። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የአደን ፍላጻ ጫፍን «ብሮድሄድ» ይሉታል። በቁሙ ቢተረጎም «ሰፊ ራስ» ማለት ነው፤ እኔም እንዲያው አድርጌ ጻፍሁት። ወዳጄም ይህን ሲያነብ የዕቃው ክብር በስፋቱ ላይ እንደ ሆነ ተረዳ፤ ይበልጥ የሰፋው ይበልጥ የተሻለ መሰለው። ነገር ግን ስሙ የወጣው ይህን ጫፍ ከመለማመጃው ሹል ጫፍ ለመለየት ነው። የመለማመጃው ጫፍ ይወጋል፤ የአደኑ ጫፍ ይቆርጣል። ልዩነቱ ይኸው ነው። «ስለታም ጫፍ» ብዬ ብተረጉመው ኖሮ ለእውነቱ በቀረብሁ፤ ወዳጄንም ባላሳሳትሁት።

ፍላጻ እንደ ጥይት አይገድልም። ጥይት በፍጥነቱ አካልን ያናውጣል፤ ፍላጻ ግን ደም ሥርንና ሳንባን እየቆረጠ በማለፍ ደም ያፈስሳል። ሁለቱንም ሳንባ አቋርጦ በሌላው ጎን የወጣ ፍላጻ እንስሳውን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይጥለዋል፤ በሁለት በኩል በተከፈተው ቁስል የሚፈስሰውም ደም አዳኙን ወደ ወደቀበት ቦታ ይመራዋል። ከመንገድ የቀረ ፍላጻ ግን ቀዳዳውን ራሱ እንደ ውታፍ ይደፍነዋል። የወዳጄ ኢምፓላ ደም በጥቂት ጠብታ የተቋረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው «ጫፉ ምን ያህል ይሰፋል?» ሳይሆን «ጫፉን ገፍቶ የሚያሳልፈው ኃይል ምን ያህል ነው?» የሚል ይሆናል። ከተራ ባለ 40 ፓውንድ ደጋን የተለቀቀ 32 ግራም የሚመዝን ፍላጻ በሴኮንድ 46 ሜትር ገደማ ቢበር፣ ይዞት የሚሄደው ጉልበት 34 ጁል ገደማ ነው። ባለ መዘውር የሆነው ዘመናዊ የ70 ፓውንድ ደጋን ግን 100 ጁል ገደማ ሊሰጥ ይችላል፤ የሦስት እጥፍ ያህል ልዩነት ነው። ናሚቢያ የደጋን አደንን ስትፈቅድ የለካችው ይህንኑ ጉልበት ነው፤ ለትንንሽ እንስሳት 25፣ ለመካከለኞቹ 40፣ ለትላልቆቹ 65 ፉት-ፓውንድ ብላ ዝቅተኛውን ወሰን አስቀመጠች። የወዳጄ ደጋን በዚያ መስፈሪያ ቢለካ የትንንሾቹን ወሰን ለመድረስ ይንገታገታል። ሕግ አውጪው ስለ ስለት ስፋት ከመጨነቁ በፊት ስለ ጉልበት መጨነቁን ልብ ይሏል።

ወዳጄ የገዛው ጫፍ ተከፋች የሚባለው ዓይነት ነው። በበረራ ጊዜ ስለቶቹ ታጥፈው ይቆያሉ፤ ሲመታ ይዘረጋሉ፤ ሲዘረጉም እስከ 50 ሚሊ ሜትር ይሰፋሉ። ሻጩ «ሰፊ ቁስል፣ ብዙ ደም» ይላል። አልዋሸም፤ ግን ግማሹን አስቀርቷል። ስለቶቹን ለመክፈት የሚወጣው ጉልበት ከዚያው ከ34 ጁል ላይ ይቀነሳል። የተከፈተውም ስለት ሰፊ ስለሆነ የሚገጥመው ቆዳ፣ ሥጋና አጥንት ይበዛል፤ ስለዚህ ቶሎ ይቆማል። ለምሳሌ ያህል ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ ጫፍ 12 ሳንቲ ሜትር ገብቶ ቢቆም የቆረጠው 60 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ባለ 28 ሚሊ ሜትሩ ጠባብ ጫፍ 25 ሳንቲ ሜትር ዘልቆ ቢያልፍ ግን 70 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይቆርጣል፤ በዚያ ላይ ሁለተኛውን ሳንባ ያገኛል፤ መውጫ ቀዳዳም ይከፍታል። ለደካማ ደጋን የጠበበው ይበልጥ ይቆርጣል። ተከፋቹ ጫፍ ለባለ 70 ፓውንዱ ሰው ሊያገለግለው ይችል ይሆናል፤ እርሱ የሚያባክነው ጉልበት አለው። የእኛ ሰው ግን የሚያባክነው የለውም። ላያዛልቅ ጸሎት ለቅስፈት ይሏል ይህ ነው።

ከረከቦቱ ዙሪያ ሌላም ወገን ተነሥቶ ነበር። «የፈረንጅ ዕቃ ተውት» አሉ፤ «ካምባዎችና ዋታዎች ከጥንት ጀምሮ በዚህ አገር በደጋን ሲያድኑ ኖረዋል፤ ባለ መንጠቆውን የብረት ጫፋቸውን ወስደህ ሰካ፤ ከገባ አይወጣም።» ይህ ክርክር የሀገርን ጥበብ የሚያከብር ይመስላል። ነገር ግን ጥበቡን ሳይሆን ቅርጹን ብቻ ነው የሚወስደው።

በጻቮ አካባቢ የሚኖሩት ዋታዎች የሚናገሩት ቋንቋ ከኦሮምኛ ወገን ነው፤ ለእኛም ሩቅ አይደሉም። ዝሆን የሚያድኑበት ረጅም ደጋን ከ100 ፓውንድ በላይ ኃይል የሚጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በዴቪድ ሼልድሪክ የሚመሩት የጻቮ ፓርክ ጠባቂዎች ዘመቻ ከፍተው አደናቸውን እስኪያስቆሙ ድረስ በዚህ ይታወቁ ነበር። እንዲህ ያለ ደጋን ይዘውም እንኳ በደጋኑ ብቻ አልተማመኑም፤ ፍላጻቸውን በመርዝ ይቀቡ ነበር። የካምባዎች ደጋን ከዚህ የቀለለ ነው፤ እነርሱም መርዙን ከጫፉ በታች ባለው ዘንግ ላይ ቀብተው እንዳይደርቅ በቀጭን ቆዳ ይጠቀልሉታል። መርዙ የሚገኘው በኢትዮጵያም ከሚበቅለው፣ በአማርኛ መረንዝ ከሚባለው ዛፍና ከዘመዶቹ ነው። ሳይንስ የመርዙን ስም «ዋባይን» ያለው ከሶማሊኛው «ዋባዮ» ወስዶ ነው፤ የሚያቆመውም ልብን ነው።

እንግዲህ መንጠቆው ለምን እንደ ተሠራ እናስተውል። መርዙ ከደም ጋር እስኪዋሐድ ድረስ ጫፉ በሥጋ ውስጥ እንዲቆይ ነው። መርዝ ባለበት መንጠቆ ትርጉም አለው። መርዝ በሌለበት ግን መንጠቆ እንስሳው እስኪመረቅዝ ድረስ ብረት ተሸክሞ እንዲዞር ከማድረግ በቀር ምንም ሥራ የለውም፤ በመግባቱም ጊዜ እንቅፋት ነው። «ታዲያ መርዙንም እንጠቀም» የሚል ካለ፣ ሳታኦ የተባለውን ታላቅ የጻቮ ዝሆን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 አዳኞች በመርዝ ፍላጻ ገደሉት፤ ፊቱንም ለጥርሱ ሲሉ ቆርጠው ወሰዱት። ያ መንገድ ዛሬ የወንጀለኛ መንገድ ነው፤ ለጨዋ ሰው አልተተወም። የዋታም የካምባም ጥበብ በሙሉ ሲታይ የሚያስተምረን አንድ ነገር ነው፦ ጫፉ የተመረጠው ደጋኑ በሚሰጠው ጉልበትና በሚገድለው ነገር ልክ ነው። እኛ ጉልበቱም መርዙም ሳይኖረን ጫፉን ብቻ ብንወስድ ተማሪዎቻቸው አይደለንም።

ታዲያ ለደካማ ደጋን የሚገባው ምንድን ነው? ኤድ አሽቢ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በደቡብ አፍሪካ፣ በናታል፣ ፍላጻ በእንስሳት አካል ውስጥ እንዴት እንደሚዘልቅ ብዙ ፈትኗል። የደረሰበትም መደምደሚያ ግልጽ ነው፤ ረጅምና ጠባብ፣ ሁለት ስለት ብቻ ያለው፣ የማይታጠፍና የማይከፈት ጫፍ፣ በከባድና ጠንካራ ፍላጻ ላይ ሲሰካ ከሌሎቹ ይበልጥ ይዘልቃል። የጫፉ ርዝመት የስፋቱን ሦስት እጥፍ ቢሆን መልካም ነው። ምክንያቱ ለማንም ባለ እጅ አይሠወርም፤ ረጅም ሽብልቅ ከአጭር ሽብልቅ ይልቅ በትንሽ ኃይል እንጨት ይሰነጥቃል። ክብደቱም እንዲሁ ነው። 23 ግራም የሚመዝነው ፍላጻ ከ32 ግራሙ ይልቅ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ሥጋ ሲነካ ቶሎ ይታክታል። ከባዱ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ግን ይገፋል።

በዚህ ላይ ስለቱ እንደ ምላጭ ይሳል። ከፋብሪካ የመጣው ስለት በቂ ነው ብሎ ማመን ስንፍና ነው። የተወጠረ ላስቲክ ሲነካ ያለ ግፊት የማይቆርጥ ጫፍ ወደ ሞረዱና ወደ መሳያው ድንጋይ ይመለስ። የደነዘዘ ስለት ደም ሥርን ወደ ጎን ይገፋዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ደካማ ደጋንም ድንዝነትን በጉልበት አይክስም። ፍላጻውም ቀጥ ብሎ መብረሩ ይፈተን፤ እየተወዛወዘ የሚደርስ ፍላጻ ያለችውን ጥቂት ጉልበት ወደ ጎን ያባክናታል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ ወሰን አለ። ደካማ ደጋን የያዘ ሰው ከ20 ሜትር በላይ አይልቀቅ። እንስሳው ጎኑን ሰጥቶ ካልቆመ አይልቀቅ። የትከሻ አጥንትን አይሞክር። ትልቅ እንስሳ አይመኝ፤ እስከ 300 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን፣ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የሌለውን የደጋ አጋዘን በ40 ፓውንድ ደጋን ለመግደል የሚያስብ ሰው ካለ፣ ያ ሰው የሚያስፈልገው ጫፍ ሳይሆን ምክር ነው። ደጋኑ በአገሩ ሕግ ከተቀመጠው ወሰን በታች ከሆነም ክርክሩ እዚያው ላይ ያበቃል። «እንግዲያው ምን ቀረልን?» ለሚለኝ፣ ዒላማው ቀርቷል እላለሁ። ዒላማ ቢስቱት አያቃስትም።

አንዳንዱ «ለአንድ ኢምፓላ ይህን ያህል ቀለም ማፍሰስ ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። በሬ ስናርድ ቢላዋው መሳሉን የምንመረምር ሕዝብ ነን። በደነዘዘ ቢላዋ የሚያርደውን ሰው አባቶቻችን በዝምታ አያልፉትም ነበር። ታዲያ በእጃችን ላለው በሬ የምናስበውን ያህል ለማናውቀው የዱር እንስሳ ማሰብ ለምን ይከብደናል? ታስሮ የቀረበልን በሬ ቢያመልጥ እንኳ ደጃችን ላይ ነው። የቆሰለው ኢምፓላ ግን የሚሞተው ማንም በማያየው ቁጥቋጦ ሥር፣ ምናልባትም በሦስተኛው ቀን ነው።

ወዳጄ በሚቀጥለው ጊዜ ተመልሶ እንደሚሄድ ነግሮኛል። መግለጫውን መልሼ እተረጉምለታለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። በዚህ ጊዜ «ሰፊ ራስ» የሚለውን ቃል አልጽፍም። ከሻጩም ቃል በታች በራሴ ስም አንድ መስመር እጨምራለሁ፦ ይህ ጫፍ ለአንተ ደጋን አይሆንም።

እርሱም በበኩሉ የአምናውን ኢምፓላ በግዳዩ ቁጥር ውስጥ ያስገባው። ከአጥሩ ውጭ ብትወድቅም፣ ርግቧ ተመትታለች።