የተማሪዎች መጠጥና የፖስተር ዘመቻ፦ ውጤቱ በምን ይለካል?

የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጋራ ባለቤትነት የተቋቋመ፣ 705 ሄክታር የሚሸፍን ተቋም ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ከጎጂ የአልኮል መጠጥ ለመጠበቅም የእነዚሁ ሁለት ወገኖች ቅንጅት ያስፈልጋል። አንደኛው ተማሪውን ያስተምራል፤ ሌላው ለግሮሰሪው የንግድ ፈቃድ ይሰጣል።

ፐርኪንስና በርኮዊትዝ የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ በ1986 ባቀረቡት ጥናት፣ ተማሪዎች ጓደኞቻቸው መጠጥን ከእነርሱ አብልጠው እንደሚደግፉ አድርገው እንደሚገምቱ አመለከቱ። ማስፈራራትን ትቶ «አብዛኛው ተማሪ በልክ ይጠጣል» የሚል መልእክት በፖስተር የማሰራጨት ስልትም ከዚህ ግኝት በመነሳት ተስፋፋ። ስልቱን ከደገፉት መካከል አንሀይዘር ቡሽ የተባለው የቢራ አምራች መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል።

ውጤቱ ግን ወጥ አልነበረም። ዴጆንግና ባልደረቦቻቸው በ18 ተቋማት አካሂደው በ2006 ያወጡት ጥናት ዘመቻው መጠጥን እንደቀነሰ ሲያሳይ፣ በ14 ተቋማት ተደግሞ በ2009 የወጣው ግን ይህን ማረጋገጥ አልቻለም። ከሁለት ዓመት በኋላ የቀረበ ትንተና ምክንያቱን ጠቆመ፤ ዘመቻው የሠራው መጠጥ ቤቶች ባልበዙበት አካባቢ ነበር። በ2015 የወጣው የኮክሬን ግምገማ በበኩሉ 70 ጥናቶችን መርምሮ፣ የተገኘው ለውጥ ለፖሊሲ መነሻ ለመሆን እጅግ አነስተኛ ነው ሲል ደምድሟል።

በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ብዙዎቹ አዲስ ገቢ ተማሪዎች በዚህ ዕድሜ ክልል ስለሚገኙ፣ «በልክ ጠጡ» የሚለው መልእክት እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም። ጨርሶ የማይጠጣውን ተማሪም መጠጣት የተለመደ ነገር እንደሆነ ሊያሳምነው ይችላል። «አብዛኛው አይጠጣም» ለማለት ደግሞ አስቀድሞ መለካት የግድ ነው።

ልኬቱ ራሱ ቀላል አይደለም። ቢራ በጠርሙስ ይቆጠራል፤ ጠላ በጣሳ፣ ጠጅ በብርሌ፣ አረቄ በመለኪያ ይቀርባል፤ የአልኮል መጠናቸውም ከቤት ቤት ይለያያል። የውጭውን መጠይቅ ተርጉሞ ማሰራጨት ስለዚህ አያዋጣም።

ዘመቻው በሁሉም ግቢዎች በአንድ ጊዜ ከተጀመረ ማነጻጸሪያ አይኖርም። ግማሾቹ በመጀመሪያው ዓመት፣ ቀሪዎቹ በሚቀጥለው ቢጀምሩ ግን ያለ ብዙ ተጨማሪ ወጪ ልዩነቱን ማየት ይቻላል፤ በየግቢው ዙሪያ ያሉ መጠጥ ቤቶች ብዛት ከወረዳዎች የንግድ ፈቃድ መዝገብ ተወስዶ አብሮ ሊተነተን ይገባል።