ሌባን ከመያዝ አስቀድሞ ሕግን ማወቅ

መቼም ሌባን የማይጠላ ሰው የለም። በላቡ ያፈራው ንብረት የተሰረቀበት ሰው፥ ሌባውን አግኝቶ በገዛ እጁ ቢቀጣው ደስ ይለዋል፤ ጎረቤቱም ያግዘዋል። ይህ የሰው ጠባይ ነው። ነገር ግን የሰው ጠባይ ሁሉ ሕግ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ዛሬ የምንመለከተው በሕዝብ ቁጣና በሕግ መካከል ስለሚቆመው ሰው፥ ማለትም ስለ ፖሊሱ ነው። ይህ ሰው ሥራውን በሚገባ እንዲሠራ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ምንድን ነው?

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ሰፈር እንውሰድ። በአዲስ አበባ ደቡብ ዳር፥ በአቃቂ ቃሊቲ፥ ገላን ኮንዶሚኒየም ይገኛል። እንደ ሌሎቹ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ሁሉ፥ ቤቱ በዕጣ የደረሰውና ከእርሱ የተከራየው፥ ከመሐል ከተማ የመጣውና ከገጠር የመጣው፥ በአንድ ደረጃ ይወጣሉ፤ በአንድ ደረጃ ይወርዳሉ። አማርኛም ኦሮምኛም ሌላም ቋንቋ ይነገራል። በድሮው ሰፈር ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ ዕድርተኛው ሁሉ ያውቅ ነበር። በኮንዶሚኒየም ግን ተከራይ ስለሚለዋወጥ፥ በር ለበር የሚኖሩ ሰዎች እንኳ በስም ላይተዋወቁ ይችላሉ።

እንግዲህ ለምሳሌ ያህል እንዲህ እናስብ። አንዲት ሠራተኛ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ቤቷ ስትመለስ በሩ ተሰብሮ፥ ላፕቶፗም ተወስዶ አገኘች። ጮኸች፤ ጎረቤትም ተሰበሰበ። ከተሰበሰቡት አንዱ፥ «ያ አራተኛ ፎቅ ላይ በቅርቡ የገባው ልጅ ነው፤ ቀን ሲወጣ ሲገባ አይቼዋለሁ» አለ። ወዲያው ልጁን ከክፍሉ አውጥተው አንገቱን ያዙት፤ ጥፊም አረፈበት። በዚህ ጊዜ ሥልጠናውን በቅርቡ የጨረሰ አንድ ወጣት ፖሊስ ደረሰ። ሕዝቡም «ውሰደው!» ይላል። ፖሊሱ ምን ያድርግ?

መልሱን ከመስጠታችን በፊት ያለፈውን ዘመን ጥቂት እናስታውስ። አባቶቻችን ሌባን የሚፈልጉበት አንዱ ዘዴ ሌባ ሻይ ይባል ነበር። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡትና ይለቁታል፤ ልጁም እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳውን ይከፍላል። ዛሬ ይህን ስንሰማ እንስቃለን። ይሁን እንጂ «አዲስ ገቢ ነው፤ ማንም አያውቀውም» ብሎ አንድን ሰው ሌባ ማለት ከሌባ ሻይ በምን ይለያል? በዚያ ዘመን ሌባውን የሚመርጠው መድኃኒት የጠጣ ልጅ ነበር፤ በዚህኛው ደግሞ የሚመርጠው የእኛው ጥርጣሬ ነው። ማስረጃ ግን በሁለቱም ዘንድ የለም።

የዘመናዊው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ዓላማ ይህን ጉድለት ማስወገድ ነው። በአገራችን የፖሊስ ዐዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ሲሆን፥ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም.፥ የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ደግሞ በ1954 ዓ.ም. ተከተሉ። የ1954ቱ ሕግ፥ እጅ ከፍንጅ የተገኘን፥ ወይም ወንጀል ፈጽሞ ሲሸሽ ሕዝብ እየጮኸ የተከተለውን ሰው፥ ወንጀሉ ቢያንስ የሦስት ወር እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ፥ ማንም ሰው ያለ መጥሪያና ያለ ትእዛዝ ሊይዘው እንደሚችል ደነገገ። የያዘውም ሰው ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት እንጂ እንዲቀጣ ሥልጣን አልተሰጠውም። በምሳሌያችን ያለው ልጅ ግን እጅ ከፍንጅ አልተያዘም፤ ሲሸሽም አልተገኘም። የተያዘው በክፍሉ ተቀምጦ ሳለ ነው።

ስለዚህ ሕግ ያወቀው ፖሊስ የመጀመሪያ ሥራው ልጁን ከድብደባ ማዳን ነው። ቀጥሎም በሩን ሰው እንዳይነካው ይከለክላል፤ በተሰበረው ቍልፍ ላይ የሌባው አሻራ ሊገኝ ይችላልና። ባለቤቲቱን የላፕቶፑን ዐይነትና መለያ ቍጥር፥ ደረሰኝም ካላት ደረሰኙን ይጠይቃታል። «አይቼዋለሁ» ያለውንም ሰው ለብቻው አድርጎ ምን እንዳየ፥ በስንት ሰዓት እንዳየ፥ ከየት ሆኖ እንዳየ ይመዘግባል። የልጁን ክፍል መፈተሽ ቢያስፈልግ፥ በመሠረቱ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያሻል። የ1954ቱ ሕግ፥ ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር፥ ፍተሻ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ እንዲደረግ አዝዞ ነበር። በሌሊት በር መደብደብ የሚያስከትለውን ድንጋጤ ሕግ አውጪው አስቀድሞ ዐስቦበታል ማለት ነው።

ምርመራው በእውነት የሚያስጠረጥር ነገር ቢያሳይና ልጁ ቢያዝስ? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ይህን ይመልሳል። የተያዘው ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል፤ እንደ ገላን ባለ ሰፈር ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ያለመናገር መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል ይነገረዋል። ለጕዞ ከሚያስፈልገው ጊዜ በቀር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት የለውም። ከዚህም አልፎ፥ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 424፥ የተያዘን ሰው ቃል ለማውጣት የሚደበድብን ወይም የሚያስፈራራን ሹም ራሱን ወንጀለኛ ያደርገዋል።

«ይህ ሁሉ ሌባን መጥቀም ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ አስተሳሰብ ከንብረት ባለቤት አፍ ሲወጣ ይገባናል፤ ከሕግ አስከባሪ አፍ ሲወጣ ግን ያሳዝናል። በ1963 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፥ በአሪዞና ግዛት፥ ኤርነስቶ ሚራንዳ የተባለ ሰው ተይዞ ወንጀሉን አመነ፤ ዝም የማለት መብት እንዳለው ግን ማንም አልነገረውም ነበር። በ1966 እ.ኤ.አ. የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። በሚቀጥለው ዓመት ግን ያ ቃል ቀርቶ በሌላ ማስረጃ እንደ ገና ተከሰሰና ተፈረደበት። እንግዲህ ሕጉ ወንጀለኛውን አላስመለጠውም፤ ያስተማረው ፖሊሱን ነው። የሚያስደንቀው ደግሞ፥ የእኛ የ1954ቱ ሕግ በአንቀጽ 27 ይህንኑ ማስጠንቀቂያ ከአሜሪካው ፍርድ አራት ዓመት ተኩል ያህል ቀድሞ መደንገጉ ነው።

ታዲያ የቀደመ ሕግ ካለን ጉድለታችን ምንድን ነው? ሕጉ ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ደረጃው አለመውረዱ ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሰዎች ከ48 ሰዓት በላይ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ታስረው እንደ ቆዩ በተለያዩ ጊዜያት አመልክቷል። የካሊፎርኒያ ግዛት የፖሊሶችን የሥልጠና ደረጃ የሚወስን ኮሚሽን ያቋቋመው በ1959 እ.ኤ.አ. ነበር። ከባድ ጥፋት የፈጸመን ፖሊስ የሙያ ምስክር ወረቀት ለመንጠቅ የሚያስችለውን ሕግ ያወጣው ግን በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚህ የምንማረው፥ የምስክር ወረቀት አንድ ጊዜ ተቀብለው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ሳይሆን በየቀኑ ሥራ የሚያስመሰክሩት መሆኑን ነው። በሰንዳፋ የፖሊስ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ወጣትም ፈተናውን የሚያልፈው በክፍል ውስጥ ብቻ አይደለም። እውነተኛው ፈተና ሕዝቡ ተቈጥቶ «ውሰደው!» ሲል፥ በዚያ ጠባብ ደረጃ ላይ ይጠብቀዋል።

ይህ ዕውቀት ለፖሊስ ብቻ የተተወ እንዳይመስለን። ነገ ዐቃቤ ሕግ፥ የወረዳ ሹም ወይም የብሎክ ኮሚቴ ሰብሳቢ የምንሆነው እኛው ነን። ዛሬ ማታ ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል የምንቆመውም እኛው ነን። በዚያ ጊዜ ከእኛ የሚጠበቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «ምን አይታችኋል?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ደፍሮ የሚጠይቅ አንድ ሰው ቢገኝ ንጹሑ ልጅ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ላፕቶፑን የወሰደውም ሰው፥ ሌላው በስሙ ተደብድቦለት በሰላም እንዳይተኛ ይሆናል።